ትክክል የመሰለው መልስ፦ በአንድ የሳተላይት ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልብ ወለድን፣ ቲያትርን ወይም ግጥምን ነው። ዛሬ ግን ሂሳችን የሚያርፈው በአንድ ገጽ የሒሳብ መልመጃ ላይ ነው። ‹‹ሒሳብ ደግሞ ምን ሂስ አለው? ወይ ልክ ነው ወይ ስህተት ነው፣ አለቀ›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው፤ አንዲት ተማሪያችንን ያለ ጥፋቷ ማርክ እስክንቀንስባት ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካምፓችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምናስተምር መምህራን፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይዳረስ ከዚህም ከዚያም የተገኙ የመልመጃ ወረቀቶችን እያባዛን እንጠቀማለን። ከእነዚህ አንዱ ስለ ትሪጎኖሜትሪ የተዘጋጀና መልሱ ከኋላው የተያያዘ ወረቀት ነው። ማን እንዳዘጋጀው መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሂሳችን በሥራው ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለምና። ከጥያቄዎቹ አንዱ በአማርኛ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ አንድ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የመሬት ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳተላይቱ መሬትን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያይበት አንግል ስንት ዲግሪ ነው? የመልስ ወረቀቱ 17.2 ዲግሪ ይላል። ከሥሩም ‹‹ስለዚህ ሳተላይቱ የመሬትን ግማሽ ያያል›› የሚል ማብራሪያ ተጨምሮበታል።

ተማሪያችን 17.4 ብላ መለሰች። እኛም ኤክስ አደረግንባት። ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ‹‹ስታጠጋጊ ተሳስተሽ ነው›› ብለን መለስናት። የ0.2 ዲግሪ ልዩነት ስለሆነ እውነትም የማጠጋጋት ጉዳይ መስሎን ነበር። ሥራዋን መስመር በመስመር አላየንላትም። ለብዙ ክፍል የተሰጠ ፈተና ማታ በፋኖስ ሲታረም መልሱ ይታያል እንጂ መንገዱ አይታይም።

በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች። ‹‹ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ሳተላይቱን እያወረድኩ እያወረድኩ መሬት ላይ ባስቀምጠው፣ በእናንተ መንገድ መልሱ 90 ዲግሪ ይመጣል። እኔ ግን ኳስ ሜዳው መሐል ስቆም መሬቱን የማየው ከዚህ አድማስ እስከዚያኛው አድማስ ነው። እሱ 180 አይደለም እንዴ?›› አለችን።

ዝም አልን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን በስደት ምክንያት ያቋረጥን አለን፤ የመምህርነት ሥልጠናን በአጭር ኮርስ የወሰድን አለን፤ ነገር ግን አንዳችንም ያንን ወረቀት እንደዚህ አልጠየቅነውም። የመጣው ከውጭ ነው፣ የታተመ ነው፣ መልስ አለው፤ በቃ።

እስቲ አሁን ሥራውን ራሱን እንመርምር። በቅድሚያ ግን መልካም ጎኑን እንናገር። ጥያቄው የተሰጠበት ቁጥር እውነተኛ ነው። 35,786 ኪሎ ሜትር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ አንድ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በዚህ ከፍታ ሲዞር ከመሬት ጋር እኩል ይዞራል። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚያየው አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። በየሰፈሩ የተተከለው የቴሌቪዥን ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ማንም የማያዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለተማሪዎቻችን ‹‹መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል›› ከሚለው የተለመደ ጥያቄ ይልቅ ይኼ ቅርብ ነው። ምርጫው የሚመሰገን ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ወረቀቱ የመሬትን ክብ ይስላል፤ መሐሉን ‹‹መ››፣ ሳተላይቱን ‹‹ሳ›› እንበላቸው። ከ‹‹ሳ›› ተነስቶ በ‹‹መ›› የሚያልፍ መስመር ያሰምራል። ቀጥሎ በ‹‹መ›› ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ያለ ዲያሜትር ይስልና የዲያሜትሩን ሁለት ጫፎች ከሳተላይቱ ጋር ያገናኛል። በዚህ ሥዕል 90 ዲግሪው ያለው በመሬት መሐል ነው። የጎነ ሦስቱ አንደኛው ጎን 6,371፣ ሌላው ጎን 6,371 ሲደመር 35,786፣ ማለትም 42,157 ይሆናል። ታንጀንቱ 6,371 ሲካፈል ለ42,157፣ ወይም 0.1511 ነው። ከዚያም 8.6 ዲግሪ፣ በሁለት ሲባዛ 17.2። አካሄዱ ንጹሕ ይመስላል።

ግን ያ መስመር የት ነው የሚያልፈው? ሥዕሉን በጥንቃቄ ለሚያይ ሰው፣ ከሳተላይቱ ወደ ዲያሜትሩ ጫፍ የተሰመረው መስመር ክቡን ቀድሞ ይቆርጠዋል። ጫፉ ላይ የሚደርሰው በክቡ ውስጥ ገብቶ ነው። በሌላ አነጋገር ሳተላይቱ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ አሳልፎ ማየት ይኖርበታል ማለት ነው። ይኼ ደግሞ አይሆንም። የሳተላይቱ እይታ የሚያበቃው መስመሩ መሬትን ነካ አድርጎ በሚያልፍበት ነጥብ ላይ ነው። ያንን ነጥብ ‹‹ነ›› እንበለው። የክብን ጠርዝ ነክቶ የሚያልፍ መስመር ከራዲየሱ ጋር ምንጊዜም 90 ዲግሪ ይሠራል፤ ይህንን እኛው ራሳችን በክብ ምዕራፍ ስናስተምር ኖረናል። ስለዚህ 90 ዲግሪው ያለው በ‹‹መ›› ሳይሆን በ‹‹ነ›› ነው። 42,157 የሃይፖተኑሱ ርዝመት ይሆናል። ስለዚህ መጠቀም ያለብን ሳይንን ነው። ሳይኑ 0.1511 የሆነ አንግል 8.7 ዲግሪ ነው፤ በሁለት ሲባዛ 17.4። የተማሪያችን መልስ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ ማካፈሉም አንድ ነው፣ 0.1511ም አንድ ነው። የተለየው በካልኩሌተሩ ላይ የተነካው ቁልፍ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ደግሞ የቃሉ መመሳሰል ሳይሆን አይቀርም። ክብን ነክቶ የሚያልፈው መስመር በእንግሊዝኛው መጽሐፋችን ‹‹ታንጀንት›› ይባላል፤ ከሦስቱ የትሪጎኖሜትሪ ስሞች አንዱም ‹‹ታንጀንት›› ነው። ተማሪው ‹‹ታንጀንት መስመር አለ›› ሲባል ‹‹ታን›› የሚለውን ቁልፍ ይነካል። በሌላ ሰው ቋንቋ የሚማር ልጅ ቃልን እንደ ምልክት ይዞ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሚፈረድብን እኛ ነን፤ የመስመሩን ስም ‹‹ነክቶ አላፊ›› ብለን በአማርኛ ለይተን ብናስተምር ኖሮ ግማሹ ግራ መጋባት በቀረ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሂሳችን እንግባ። የዚህ ወረቀት ትልቁ ጥፋት መሳሳቱ አይደለም፤ ስህተቱ እንዳይታይ የሚያደርግ ቁጥር መምረጡ ነው። ሳተላይቱ በጣም ሩቅ ስለሆነ ነክቶ የሚያልፈው ነጥብና የዲያሜትሩ ጫፍ ይቀራረባሉ፤ ልዩነቱም 0.2 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። መምህሩ ‹‹ማጠጋጋት ነው›› ብሎ ያልፈዋል፤ ተማሪውም ስህተቱን እንደ እውቀት ይዞ ይሄዳል። ያንኑ መንገድ ቅርብ ለሆነ ነገር ሲጠቀምበት ግን ጉዱ ይወጣል። ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ እንውሰድ፤ የሚዞረው በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። 6,371 ለ6,771 ሲካፈል 0.941 ይመጣል። በሳይን ሲሠራ ግማሹ 70.2፣ ሙሉው 140 ዲግሪ ገደማ ነው። በወረቀቱ መንገድ ግን 87 እንኳን አይሞላም። የ0.2 ዲግሪዋ ስህተት እዚህ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆና ብቅ አለች። ከፍታው ዜሮ ሲሆንማ ተማሪያችን እንዳለችው ነው፤ ሳይን 180 ሲሰጥ ታንጀንት 90 ይሰጣል። 180ው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ካልኩሌተርም ሳተላይትም አያስፈልግም። ሜዳ ላይ ቆሞ ዘወር ዘወር ማለት ብቻ ነው።

የልጅቷ ጥያቄ ለሁላችንም ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩን መልሱን ወደምታውቅበት ቦታ ወስዳ ፈተነችው። እኛ ግን የፈተንናት እሷን ነው።

የሥዕሉ መጠንም ሌላ ጉድለት ነው። በወረቀቱ ላይ ሳተላይቱ ከመሬት ጠርዝ አንድ ጣት እንኳን አይርቅም። እውነተኛውን መጠን ለማሳየት የኳስ ቡድናችንን ኳስ ብንወስድ ራዲየሱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ ኳስ መሬት ቢሆን፣ የዲሹ ሳተላይት ያለው ከኳሱ 62 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው፤ የጠፈር ጣቢያው ግን ከኳሱ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላውን መጀመሪያ በ62 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ ኳሱ ቅንድባችሁን እስኪነካ ድረስ አስጠጉት። ኳሱ ሲቀርብ እይታችሁን ይሞላዋል፤ የምታዩት የኳሱ ክፍል ግን ያንሳል። አንግሉ ሲሰፋ የሚታየው መሬት ይጠባል። ብዙ ተማሪ ይኼን ተገላቢጦሽ አድርጎ ነው የሚያስበው።

‹‹ግማሹን ያያል›› ወደሚለው ማብራሪያ እንለፍ። ይኼም ከዚያው ከዲያሜትሩ ሥዕል የተወለደ ስህተት ነው። ከየትኛውም ከፍታ የሚታየው የመሬት ገጽ ክፍል፣ ከፍታው ከመሬት መሐል እስከ ሳተላይቱ ላለው ርቀት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 35,786 ለ84,314 ሲካፈል 0.42 ይመጣል። 42 በመቶ እንጂ 50 አይደለም። ከየትኛውም ርቀት ቢሆን ግማሹ ላይ በትክክል አይደረስም። ከጠፈር ጣቢያው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚታየው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ለተግባር ይጠቅማል ወይ ቢባል፣ አዎ ይጠቅማል። አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ እነዚህ ቆመው ስለሚታዩ ሳተላይቶች ሲጽፍ ያቀረበው ሐሳብ በሦስት ሳተላይቶች ነው። ሁለት ሳተላይት ግማሽ በግማሽ ቢያይ ኖሮ ሁለቱ ይበቁ ነበር፤ 42 እና 42 ግን 84 ነው። ሦስተኛው ተጨምሮም ቢሆን ከ81 ዲግሪ ላቲቲውድ በላይ ያሉት የዋልታ አካባቢዎች አይታዩም። ሌላም ምሳሌ አለ። የመጀመሪያው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ሜቴዎሳት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመጥቅ በደቂቃ 100 ጊዜ በራሱ ዛቢያ እየተሽከረከረ ነበር ፎቶ የሚያነሳው። ከ360 ዲግሪው ዙር ውስጥ ለመሬት የተመደበለት 18 ዲግሪ ብቻ ነው፤ መሬት የምትይዘው 17.4ና ጥቂት ትርፍ ማለት ነው። የሽክርክሩ 20ኛ እጅ መሬትን ሲያይ፣ የቀረው ባዶ ሰማይ ነው። ከዚህ የሳተላይት ዝርያ የመጡ ፎቶዎች የአፍሪካን ደመናና ዝናብ ለመከታተል ሲያገለግሉ ኖረዋል። ያችን አንግል ያሰላ ሰው ወረቀት ላይ ሳይሆን ዕቃ ላይ ነው የሠራት።

‹‹ይኼ ሁሉ የጠፈር ሳይንስ ላለው አገር ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል ካለ፣ ጎነ ሦስቱ ከሳተላይት በፊት እንደነበረ እንንገረው። አል ቢሩኒ የተባለው ሊቅ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር ባለ አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ አድማሱ ከዓይኑ ደረጃ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለካ። የተራራውን ከፍታ አስቀድሞ ለክቶት ነበር። ከእነዚህ ሁለቱ ተነስቶ የመሬትን ራዲየስ አሰላ። የተጠቀመበት ጎነ ሦስት ይኸው የእኛው ነው፤ መሐሉ ‹‹መ››፣ ተመልካቹ ‹‹ሳ››፣ አድማሱ ‹‹ነ››፣ 90 ዲግሪውም በ‹‹ነ›› ላይ። ሳተላይት ማለት በጣም ረጅም ተራራ ላይ የቆመ ሰው ነው።

እዚህ ኬንያም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ማሊንዲ አጠገብ ከባሕር ላይ ከተተከለ መድረክ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት ቀን፣ ‹‹ኡሁሩ›› የተባለ ሳተላይት መጥቋል። ስሙ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው።

ሂስ አቅርበን ብቻ እንዳንቀር ወረቀቱ እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል በተግባር ሞክረነዋል። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሁለት ችካልና አንድ ሜትር ብቻ ነው። አንደኛውን ችካል መሬት ላይ ትከሉና በ1 ሜትር ገመድ ክብ ሥሩ። ሁለተኛውን ችካል ከመጀመሪያው 2 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ፤ እሱ ሳተላይቱ ነው። ከእሱ ሁለት ገመድ አውጡና በቀኝና በግራ ክቡን ነካ ብቻ እንዲያደርጉ ወጥሯቸው። አሁን ከሳተላይቱ ችካል ጀምራችሁ በየገመዱ ላይ 1 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? 1 ሜትር ይሆናል። ሦስቱም ጎን እኩል ስለሆነ አንግሉ 60 ዲግሪ ነው፤ ፕሮትራክተርም አያስፈልግም። የሳይኑም መልስ ይኸው ነው፤ አንድ ለሁለት 0.5፣ ግማሹ 30፣ ሙሉው 60። በወረቀቱ መንገድ ቢሆን 53 ዲግሪ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀትም 89 ሴንቲ ሜትር በሆነ ነበር። ተማሪዎቹ ገመዶቹን ወደ ዲያሜትሩ ጫፎች ሲያዞሯቸው ደግሞ ገመዱ ክቡን አቋርጦ ሲገባ በዓይናቸው አዩ። አንዱ ‹‹መሬት ውስጥ ገባ!›› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ሳይን ነው ወይስ ታንጀንት ብሎ የጠየቀ የለም።

እንግዲህ መልመጃ ለሚያዘጋጁልን ወገኖች የምንለው ይኼ ነው። ሩቁን ሳተላይት ከቅርቡ ጋር አብራችሁ ስጡ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ስህተትን ይሸሽጋል። ከመልሱ ጋር ሥራውንም አያይዙ። ለመምህራን ባልደረቦቻችን ደግሞ፣ ከመልስ ወረቀቱ የተለየ መልስ ስናይ ኤክስ ከማድረጋችን በፊት አንድ ጊዜ ራሳችን እንሥራው። እዚህ ያለ ልጅ ብዙ ነገር ‹‹ከላይ የመጣ ነው›› ተብሎ ይሰጠዋል። ራሽኑ፣ ቀጠሮው፣ የዶሴው ውሳኔ። ሒሳብ እንኳን በራሱ አእምሮ መርምሮ ‹‹ይኼ ልክ አይደለም›› ማለት የሚችልበት ቦታ ካልሆነለት፣ የት ሊለማመደው ነው?

የተማሪያችንን ወረቀት አስመጥተን ኤክሱን ሰርዘን ራይት አድርገናል፤ ማርኳንም መልሰናል። በክፍሉ ፊትም የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ተናግረናል። 17.2 ብለው ማርክ ያገኙትን አልቀነስንባቸውም፤ ያስተማርናቸው እኛው ነንና። ሥራውን ግን ደግመው ሠርተዋል።

ለአንባብያን የምንተወው ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019) ከቻይና አመጠቀች። ምህዋሯ በ630 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ከዚያ ከፍታ መሬት ስንት ዲግሪ ትይዛለች? የምትታየውስ የመሬት ክፍል ስንት በመቶ ነው? ካሜራዋ የምታነሳው ከዚህ እጅግ የጠበበ ስለሆነ የምንጠይቀው ስለ ካሜራዋ ሳይሆን ከአድማስ እስከ አድማስ ስላለው አንግል ነው። መልሳችሁን ከነሥራችሁ ለሒሳብ መምህራን ክፍል አስገቡ። የእኛን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ ከእናንተው ጋር ካልተስማማ አሁንም ጠይቁን።